ቆሞ የሚያድር ታንኳ

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት አካባቢ፣ ዓሣ እጠብሳለሁ። ስሜ ደብረወርቅ ነው፤ ደንበኞቼ ግን «ባለ ዓሣዋ» ነው የሚሉኝ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። የሚበላው ገብቶ ይቀመጣል፣ የማይበላው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ሁለቱንም ደኅና ዋሉ እላለሁ። አሁን የምጽፈው ግን ስለ እኔ ሳይሆን ዓሣውን ስለሚያመጣልኝ ሰው፣ ስለ ሰውመሆን አዛናው ነው። ብዙ ሰው በስልክ አይቶታል። ያየው ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ሰው በስልክ አይታወቅም ባይ ነኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

ሰውመሆን የተወለደው የጉማራ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አፍ አጠገብ ነው። አባቱ መሪጌታ አዛናው በደብራቸው ዜማ የሚያስተምሩ፣ የሐይቁ ዳር ሜዳ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውንም ለዚያው አስበውት ነበር። ድምፁ እንደሆነ የተሰጠው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ቃል የማይበላ ድምፅ። ጾመ ድጓ ላይ ደርሶ ሳለ አንድ ክረምት ጉማራ ሞላና የሩዝ ማሳቸውን ደለል አልብሶት ሄደ። በዚያ ዓመት ቤቱን ያበላው ሐይቁ ነው። ለአንድ ክረምት ብሎ የገባበት ውኃ እንጀራው ሆኖ ቀረ። መሪጌታ በዚህ ቅር እንዳላቸው ኖረዋል። ዓሣ ይዞ ሲገባ ባዩት ቁጥር «ለእግዜር ያቀናሁትን ድምጥ ለአምባዛ ሰጠኸው» ይሉታል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ባለ ጢሙ ዓሣችን ነው። እሱም «አምባዛስ የማን ፍጥረት ነው፣ አባቴ?» ብሎ ይሥቃል። እሳቸው አይሥቁም።

ወደ ስልኩ ያስገባችው ሚስቱ አምሳል ናት። አምሳል ነገረኛ ናት፤ ክፉ ማለቴ ሳይሆን ነገር ስለምትወድ ነው። አንድ ቀን ባሏ አምባዛ ከመረብ ሲፈታ ቀረጸችና ዘመድ ይየው ብላ ቲክቶክ ላይ ጫነችው። የቪዲዮው ግማሽ የአምሳል ጣት ነው። በቀረው ግማሽ ሰውመሆን ዓሣው ከየት በኩል እንደሚያዝ፣ እሾሁ እንዳይወጋ አውራ ጣት የት እንደሚውል እያሳየ ያስረዳል። ማን ሥራ ፈት ነው ይህን የሚያይ ብዬ ነበር። ለካስ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈት ኖሯል። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ሳይቀሩ «የአንተን ድምፅ ስሰማ አገሬ የገባሁ ይመስለኛል» እያሉ ይጽፉለት ጀመር።

ከዚያ በኋላ የማያሳየው ነገር አልነበረም። መረብ እንዴት እንደሚጠገን፣ ቆረሶ ዓሣ በየትኛው ሰዓት ወደ ዳር እንደሚወጣ፣ ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ እንዴት እንደሚቆጣ ይናገራል። ቪዲዮው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ቤቱ አጠገብ ካለችው ሾላ ሥር ይቆማል፤ ቦታውን የመረጠው ስለሚያምር አይደለም፣ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ሾላ ሥር ብቻ ስለሆነ ነው። ከበስተኋላው ታንኳው ግንዷን ተደግፎ ቆሟል። «እንዴት ሰነበታችሁ፤ ውኃው ደኅና ነው» ይልና ወደ ነገሩ ይገባል። በኋላ በኋላ ወረታ ላይ ልጆቹ ሲገናኙ እንኳ እሱን እየመሰሉ «ውኃው ደኅና ነው» መባባል ጀመሩ። እኔም ቤት እየመጡ «የዚያ ሰውዬ ዓሣ ነው?» ይላሉ። አዎ እላለሁ። ባልል ሞኝ ነኝ።

ከሁሉ የተወደደለት ግን ታንኳ ሲሠራ ያሳየበት ነው። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያህል መጠውለግ እንዳለበት፣ ሆዱ እንዴት እንደሚሞላ፣ አፍንጫው እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀና፣ ሁሉንም ሳይሰስት አሳየ። ሰውመሆን ግራኝ ነው። የዚያ ዳርቻ ታንኳ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲታሰር የእሱ ወደ ግራ ይጠመጠማል። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አጥማጆች «የግራኝ ቋጠሮ» እያሉ ሲያፌዙበት ኖረዋል፤ በሜዳው ሁሉ ሌላ እንዲያ የሚያስር የለም። በቪዲዮው ላይም እንዲያው በግራው እያሰረ ነው ያስተማረው። ሰዉ የጠየቀው ጥያቄ ለጉድ ነው። ገመዱ ከምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይይዛል፣ አዞ የለም ወይ፣ ሚስትህ ትፈራለች ወይ። እሱም ለሁሉም መለሰ። ያን ታንኳ ስለ ምን ሾላዋ ላይ አቆምኸው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ልንገር። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ቀኑን ሲሠራ ውሎ ከውኃ ካልወጣ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተደርጎ ቆሞ ካላደረና የጠጣውን ካላንጠፈጠፈ በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ላዩን ሲያዩት ደኅና ነው። ውስጡ ግን ውኃ ነው፣ ነፋስ የተነሣ ዕለት አልታዘዝም ይልና ይገለበጣል። ይህን በጉማራ አፍ ያለ ሰው ማንም አይነግረውም፤ ላም ትታለባለች ብሎ የሚነግረን እንደሌለ ሁሉ። እኛ ዘንድ ታንኳ ቆሞ ነው የሚያድረው፣ አለቀ።

ኅዳር ነበር። ሜዳው ሩዝ የሚታጨድበት፣ ከደጋው በኩል ለአጨዳ የሚመጣው ሰው በየማሳው የሚታይበት ጊዜ። የነቢያት ጾም ስለገባ ለእኔም ገበያው ጥሩ ነው። አንድ ጠዋት ዓሣው ሳይመጣ ቀረ። ተናድጄ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው አምሳል ናት።

«እትየ ደብረወርቅ፣ ዛሬ ዓሣ የለም» አለችኝ። «ባሕሩ ሰው ይዟል።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ባሕሩ ሰው ከያዘ፣ የያዘውን እስኪመልስ ድረስ መረብ አይጣልበትም። ማንም አዋጅ አይነግርም፤ መረቡ ሁሉ ይወጣና ታንኳ ያለው ሁሉ ለፍለጋ ይወርዳል። ጾም ሆነ ገበያ ይህን የሚሽር የለም። መጥበሻዬን ገልብጬ፣ ዳቦ በማዳበሪያ አሲዤ፣ በባጃጅ እስከሚደርስበት ድረስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድሁ።

የሰጠመው ይርዳው የሚባል ጎልማሳ ነው። ከአንበሳሜ በኩል ለሩዝ አጨዳ የመጣ፣ መሬት የሌለው፣ ለእናቱ አንድ ልጅ። አብረውት ሲያጭዱ የነበሩት እንደነገሩኝ፣ ሥራ ሲፈታ ደንገል እያጨደ ከሸምበቆው ጀርባ ብቻውን ታንኳ ይሠራ ነበር። «የሰው ሩዝ እያጨድሁ አላረጅም፣ ዓሣ አጥማጅ እሆናለሁ» ይላቸው ነበር። ታንኳው ሲያልቅ እንደ ሠርግ ቤት አደረጋቸው። መጀመሪያ የያዘውን ቆረሶ ጠብሰው አብረው በሉለት። ማታ ማታ ግን በቅሎ ካስማ ላይ እንደሚታሰር ታንኳውን ሸምበቆው ላይ አስሮ ውኃ ውስጥ ይተወው ነበር። ያዩት የአገሩ ሰዎችም ነበሩ፤ ቆይቶ ያወጣው ይሆናል ብለው አለፉ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ጥቂት ቀን እየቀናው ሠራበት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ፣ ታንኳው አልዞር አለው፣ ከዳር ሆነው እያዩት ተገለበጠ። ዋና አይችልም ነበር።

እኔ ስደርስ ታንኳውን አግኝተው ወደ ዳር እየጎተቱት ነው። አራት ጎበዞች ተጋግዘው ነው ያወጡት፤ ከየእስሩ ውኃ ይወርዳል። ሰውመሆን ከፍለጋ ተመልሶ ሊያግዛቸው ጎንበስ አለና እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ቋጠሮው ወደ ግራ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ድረስ ወደ ግራ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ እሱ እንዳስተማረው አድርጎ አስሮታል።

ሌሎቹ ልብ አላሉም። እኔ ፊቱን አየሁ። ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ ቆሞ ሳለ ደሙ ከፊቱ እንዲያ ሲሸሽ ግን አላየሁም። ቀስ ብሎ ተነሣና የራሱን ታንኳ ገፍቶ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ገባ።

እናትየዋ በማግስቱ ደረሱ። ጥሩብርሃን ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በሕይወታቸው ሐይቅ አይተው የማያውቁ የደጋ ሴት ናቸው። አልጮኹም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ውኃውን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ፤ ጥላ ግቡ ቢሏቸው እምቢ፣ እህል ቅመሱ ቢሏቸው እምቢ። «ልጄን ሳልይዝ ወዴት እገባለሁ? ቤተ ክርስቲያን አፈር አለው፤ ከአባቱ ጎን ቦታው አለ» ይላሉ። የሚፈልጉት ያንን ብቻ ነበር። ካህን ፈትቶት፣ አፈር ለብሶ፣ መቃብሩ ይኼ ነው ተብሎ እንዲታወቅ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የልጃቸውን ስልክ ከጉያቸው አወጡ። ውኃ እንዳይነካበት ብሎ ከጓደኞቹ ዘንድ ትቶት ነው የሄደው።

«በዚህ ነው የሚማረው» አሉኝ። «ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ይከፍተዋል። አንድ ሰውዬ አለ፣ መልካም ድምጥ ያለው፤ እንዴት ሰነበታችሁ ይላል። እኔም ከጓዳ ሆኜ እግዚአብሔር ይመስገን እለው ነበር። ልጄ ይሥቅብኛል፤ አይሰማሽም እኮ እማዬ ይለኛል። ቢሰማስ፣ ባይሰማስ፤ ሰላምታ ዝም ይባላል?»

አልተነፈስሁም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ተረት አልወደውም። ሰውዬው ያ ማዶ በታንኳ የሚዞረው ነው ልላቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ሰውመሆን ወደ እሳቸው አልቀረበም። ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፣ ለዓይን ሲይዝ ይመለሳል፤ ሲመለስም በሌላ በኩል ዞሮ ቤቱ ይገባል። አምሳል በቲክቶኩ ሰዉን እንጠይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለ አጥማጅ ሁሉ ይከታተልሃል ብትለው ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር።

«በዚያው አፌ ደግሞ ሰው ልጥራ? አንዱን የጠራሁት አይበቃም?»

መሪጌታ አዛናው ሾላዋ ሥር ተቀምጠው ይህን ሰሙ። ነገሩን አምሳል ነግራቸዋለች። ተግሣጽ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉና፣

«ድምጥህ ወስዶት ከሆነ ድምጥህ ይመልሰው» አሉት። «ይችን እናት ባዶ እጇን እንድትሄድ ካደረግሃት ግን ያኔ ነው የምቀየምህ።»

አምሳል ስልኩን ያዘች። ሰውመሆን ሾላዋ ሥር ቆመ። እንዴት ሰነበታችሁም፣ ውኃው ደኅና ነውም አላለም። «ሰውመሆን ነኝ። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር የለኝም» አለ። «ባሕሩ ሰው ይዟል። ይርዳው ይባላል፤ እናቱ ዳር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። በዚህ ዳርቻ ያላችሁ መረባችሁን አውጡልኝ። ነፋሱ ሰሞኑን ወደ ሰሜን ይገፋል፤ የእምቦጩ አረም የተኛበትን ዳር ዳሩን እዩልኝ። ያገኘ ሰው በእግዚአብሔር ስም ይደውልልኝ።» ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ሰዉ እንዲያ የተቀባበለው ቪዲዮ የለውም። በጉማራና በርብ ወንዞች መካከል ብቻ አይደለም፣ ስማቸውን ከማላውቃቸው ቦታዎች ሁሉ መረባችንን አውጥተናል እያሉ ጻፉለት። ጾም መሆኑን አስቡት፤ ዓሣ እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ሰሞን ነው።

የደወሉለት ከርብ አፍ ወዲያ ያሉ አጥማጆች ናቸው። የእምቦጩ ጥግ ይዞት አገኙት። ሰውመሆን ጋቢውን ይዞ ሄደና በጋቢው ጠቅልሎ፣ በራሱ ታንኳ አድርጎ፣ ሰው ላግዝህ ቢለው እምቢ ብሎ ብቻውን እየቀዘፈ አመጣው።

ዳሩ ላይ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር። አስከሬኑን አወረዱ። እማማ ጥሩብርሃን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሰውመሆን ከእንግዲህ የሚሸሽበት አልነበረውም። እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እናቴ፣ ልጅዎን አምጥቻለሁ። እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

ሴትየዋ ወደ ጋቢው ሊያዩ ሲገባ ቀና ብለው እሱን አዩት።

«እንዴት ሰነበታችሁ የምትለው አንተ ነህ» አሉት።

«እኔ ነኝ።»

«ታንኳ ያስተማርኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ለምን ሰጠመ ታዲያ? እንዳልኸው አድርጎ አልሠራውም?»

ሰውመሆን መዋሸት ይችል ነበር። ሠሪው አበላሽቶት ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? የሞተ አይመልስ።

«አሳምሮ ነው የሠራው» አለ። «ከእኔ ይሻላል ሥራው። ታንኳ ግን ማታ ከውኃ ወጥቶ ቆሞ ያድራል፣ የጠጣውን ያንጠፈጥፋል። እሱ ውኃ ውስጥ አሳደረው።»

«ይኸንን ነግረኸው ነበር?»

«አልነገርሁትም።»

«ስለ ምን?»

«የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

እማማ ጥሩብርሃን አላለቀሱም፣ አልረገሙትም። ብቻ «እኔም አላውቅም ነበር» አሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ልጃቸውን አቀፉ። ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ሰዉ ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ እኔም ጮኽሁ።

አስከሬኑ በአይሱዙ ተጫነ። ሊሄዱ ሲሉ እማማ ጥሩብርሃን ወደ ታንኳው አመለከቱ። «ያንንም ጫኑልኝ» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ልጅ የበላ ነገር እንዴት ቤት ይገባል አለ። «ልጄ በእጁ የሠራው ነው። ሌላ ምን ትቶልኛል?» አሏቸው። አራት ሰው ተሸክሞ ጫነው። ሰውመሆን የመኪናውን ጎን ይዞ ለሾፌሩ ረዳት ዝቅ ባለ ድምፅ «ስትደርሱ አቁሙት፤ አፍንጫውን ወደ ላይ» ሲለው ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወደ ስልኩ ግን አልተመለሰም። ዓሣውን ያመጣልኛል፣ ያራግፋል፣ ይሄዳል። ሰዉ ምነው ጠፋህ እያለ ይጽፍለታል። ከልጁ ሞት ጋር ያገናኙት ሰዎችም ነበሩ፤ የጻፉትን አምሳል አነበበችልኝ፣ እዚህ አልደግመውም። ከሌሎች ይልቅ የጎዱት ግን ያመሰገኑት ናቸው፤ አስከሬኑን ያገኘው ሰው እያሉ። እኔ ብሆን ያንን እንዴት እንደምሸከመው አላውቅም ነበር፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ እሑድ ዓሣ ልቀበል ወርጄ አባትና ልጅ ሾላዋ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሪጌታ እየተናገሩ ነበር።

«አርባ ዓመት አስተማርሁ» ይላሉ። «ስንቱ ተማሪ ቤቱ ፊደል ቆጥሮ ይመጣል። እኔ ግን ሁልጊዜ ከሀ ነው የምጀምረው። መምህር፣ ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ሀን አይዘልም። ለአንተ ይኸን አላሳየሁህም። ዜማውን ሰጠሁህ፣ ማስተማሩን ግን ሳትማር ሄድህ፤ እኔም ዓሣው ስንቃችን ስለነበር አልጠራሁህም። ጥፋቱን ብቻህን አትያዘው።»

ሰውመሆን መሬት መሬቱን ያያል።

«አሁንም ዝም ካልህ» አሉት፣ «ሌላው ደግሞ ከዚያው ከጎደለው ይማራል። ያስተማርኸው እዚያው ስልክ ውስጥ አለ። አይጠፋም። እንግዲህ የጎደለውን ሙላው፣ መምህር።»

መምህር ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ቃል በእንዲህ ያለ ቀን መጣለት። እንባው ሲወርድ አየሁና ዓሣዬን እንደምቆጥር ሆኜ ዘወር አልሁ።

የይርዳው ዐርባ ሲደርስ አምሳል፣ ሰውመሆንና እኔ አብረን ሄድን። ዓሣ አልያዝንም፤ ዓሣ ይዞ ወደዚያ ቤት መሄድ አይሆንም። የሜዳችንን ሩዝ ይዘን ነው የሄድነው። ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ያለ፣ የተመረገ ቤት ነው። ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ታንኳውን ነው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሟል። የደጋው ፀሐይና ነፋስ አድርቆት ወርቅማ ሆኗል።

ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን፣ ሰውመሆን ወደ እማማ ጥሩብርሃን ቀረበ። ያጎደለውን ሊናገር እንደሚፈልግ፣ ይህንም እሳቸው ካልፈቀዱ እንደማያደርገው ነገራቸው። እሳቸውም ተነሡና ወደ ታንኳው ሄዱ። እጃቸውን ከሥሩ አስገብተው ወደ ላይ አሉት። ተነሣላቸው። እነዚያን አራት ጎበዞች ያጎበጠ ታንኳ በአንዲት ያዘነች ሴት እጅ እንደ ገለባ ከመሬት ተነሣ።

«ይኸን ያህል ነው?» አሉ። «ክብደቱ ይኸን ያህል ነው?»

መልሰው አቆሙት፤ በመዳፋቸው ቋጠሮውን ዳበሱት። «እዚሁ ተናገር» አሉት። «እዚሁ፣ እሱ በሠራው ላይ።»

አምሳል ስልኩን ደገነች። ሰውመሆን ታንኳውን ተደግፎ ቆመ። ያ ቃል የማይበላው ድምፁ «እንዴት ሰነበታችሁ» አለና ተቆረጠ። ውኃው ደኅና ነው ሊል አልቻለም። አምሳል ስልኩን ልታወርድ ስትል፣ አጠገቡ የነበሩት እማማ ጥሩብርሃን፣ ክረምቱን ሙሉ ከጓዳ ሆነው እንደሚመልሱለት፣

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት።

ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ስልኩ ዞሩ። «እኔ የይርዳው እናት ነኝ። ይኸ ታንኳ የልጄ ሥራ ነው። ቆሞ ያድራል አሉኝ፤ እሱ ይኸን አልሰማም ነበር። እናንተ ስሙ። ማታ ከውኃ አውጡት፣ እንዲህ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ያንጠፍጥፍ። ደክሞኛል አትበሉ። እናት አለቻችሁ።»

አምሳል እያለቀሰች ነው የቀረጸችው። ጣቷ ግን አልገባበትም።